የእትዬ ዘነበች ልጅ

ከወልድያ ተነስቶ ወደ መቀሌ የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ቆቦ ላይ የሚቆምበት አንድ ቤት ነበረው። ከመናኸሪያው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ደጃፉ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ ያለበት ቤት ነው። ግንባሩ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «አለሙ ምግብ ቤት» ተብሎ ተጽፎበታል። አለሙ የቤቱ ጌታ የነበረ ሰው ነው፤ ከሞተ ግን አምስት ዓመት አልፎታል። ወባ ናት የወሰደችው። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዙት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ እናቱ እትዬ ዘነበችና ሚስቱ ወይንሸት።

እትዬ ዘነበች ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከዛፉ ጥላ ሥር በጠፍር ወንበራቸው ላይ ይሰየማሉ። የእሳቸው ሥራ ሰው መቀበል ነው። የሚገባውን «መንገዱ እንዴት ነው?» ይሉታል፤ የሚወጣውን «ጠገብክ ወይ?» ይሉታል። ጓዳው የወይንሸት ነው። ጠዋት የፍየል ቅቅል በቃሪያ ይወጣል፤ በጾም ቀን ከነሸክላው እየተንተከተከ የሚቀርብ ሽሮ አለ። የማሽላ እንጀራ ላይ እርጎ አፍስሳ፣ ድልህ ጣል አድርጋበት የምታቀርበውን ቁርስ ፍለጋ ከአላማጣ ድረስ ሆዳቸውን ባዶ አድርገው የሚመጡ ነበሩ።

ወይንሸት የላስታ ልጅ ናት። እናትና አባቷን በልጅነቷ አጥታ በአጎቷ ቤት ነው ያደገችው። አለሙን አግብታ ወደ ቆቦ ስትወርድ ወጥ እንኳ በቅጡ መሥራት አታውቅም ነበር፤ ሁሉንም ያስተማሯት እትዬ ዘነበች ናቸው። ባሏ ሲሞት የአጎቷ ሰዎች ሊወስዷት መጥተው ነበር። «እማዬን ለማን ትቼ?» ብላ መለሰቻቸው። የወለደችው ልጅ የለም። ጥቁር ልብሷን ካወለቀች በኋላም ቢሆን የወንድ ፊት ቀና ብላ ማየት አትደፍርም ነበር።

ቀና ብላ ያየችው የመጀመሪያው ሰው ካሳው ነው።

ካሳው የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ ኤንትሬ የሚሉትን የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይነዳል። ሌሎቹ ሾፌሮች አንድ ዓይናቸውን ከመኪናቸው ላይ ሳይነቅሉ ጎርሰው ጎርሰው ይነሳሉ። እሱ ተረጋግቶ ይበላል። ሲጨርስ ደግሞ ከወንበሩ ሆኖ «እጅሽ ይባረክ» ብሎ የሚወጣ አይደለም። እስከ ጓዳው በር ድረስ ይመጣና እሷ ዞር እስክትል ይጠብቃል። ዞር ስትል ይላታል። በዚያች ቅጽበት ዓይን ለዓይን ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወይንሸት ወደ ድስቷ ትመለሳለች። የሆነው ይኸው ብቻ ነበር፤ ግን የኤንትሬውን ድምፅ ከሌሎቹ መኪኖች ለይታ ማወቅ ከጀመረች ቆይታለች።

በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር፣ የካሳው መኪና ዲፈረንሻሉ ተሰብሮ ቆቦ መግቢያ ላይ ቆመ። መለዋወጫው ከደሴ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነበት። በመጀመሪያው ቀን ቁርስም ምሳም እራትም እዚያው አለሙ ምግብ ቤት በላ። እትዬ ዘነበች አዘኑለት።

«እዚህ ተቀምጠህ ከምትተክዝ ወጣ ብለህ አገሩን አታይም?» አሉት።

«ቆቦን አውቃት የለም ወይ እማማ? ስንት ዘመኔ ስመላለስባት።»

«ምኗን ታውቃለህ?»

ካሳው አሰብ አደረገና ሳቅ አለ። «የእናንተን ደጅ።»

እትዬ ዘነበች ግን አልሳቁም። ዋጃ ተወልደው፣ ቆቦ ያገቡ፣ ከራያ ምድር የሚበልጥ አገር አለ ቢባሉ የማያምኑ ሴት ናቸው። «ይኸን የመሰለ አገር በመስኮት እያየህ ነው የምታልፈው?» አሉና ወደ ጓዳው ዞሩ። «ወይንሸት፣ ነገ ገበያ አይደል? ከሲቲ ጋር ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ። ገበያውን ይይ፤ ጎሊናንም አሳዩት። ሽንኩርቱንም ይሸከምላችኋል።»

ሲቲ ጎረቤታቸው ናት፤ ፍራፍሬ ትነግዳለች። አባቷ አባ ሙሀመድሰይድ በሮቢት በኩል፣ ጎሊና ወንዝ ዳር፣ የፓፓያና የማንጎ ማሳ አላቸው። ወይንሸትና ሲቲ አንዷ ያለ ሌላዋ ገበያ ወጥተው አያውቁም።

በማግስቱ ካሳው ገበያውን እንደ ልጅ ነው ያየው። ቀንዳቸው እንደ ቅስት ወደ ላይ የተመዘዘ የራያ ሰንጋዎች፣ አፋሮች ከዞብል ማዶ ነድተዋቸው የመጡ ግመሎች፣ በቅል የተሞላ ቅቤ፣ በነጭነቱ ዓይን የሚወጋ ጤፍ። በየመደቡ ወይንሸትን የማያውቅ የለም። ቅቤ የምትሸጠዋ ሴት «ለአንች ነው ያስቀመጥኩት» ትላለች፤ ቃሪያ የሚሸጠው ሰውዬ አንድ እፍኝ ይመርቅላታል። ካሳው ዘንቢሉን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። ጓዳ ውስጥ አቀርቅራ የሚያውቃት ሴት እዚህ ስትስቅ፣ ስትከራከር፣ ግመል ስትሸሽ ባየ ቁጥር ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ከዚያ በጋሪ ወደ ጎሊና ወረዱ። መንገዱ ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ቀይ ራሱን ደፍቷል። ከማማ ላይ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ድምፅ ከዚህም ከዚያም ይሰማል። ማሳው ሲደርሱ አባ ሙሀመድሰይድ ከዛፍ ላይ የበሰለ ፓፓያ አውርደው፣ ሰንጥቀው ሰጧቸው። «ቢስሚላህ በሉ፤ ብሉ» አሉ። «የዘነበች እንግዳ የኔም እንግዳ ነው።»

ሲቲ አባቷን ሥራ ላግዛቸው ብላ ወደ ማሳው ውስጥ ገባች። ወይንሸትና ካሳው ከውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ቀሩ። ከወዲያ የከሰዓቱ ፀሐይ የዞብልን ተራራ ፊት ለፊት እያበራችው ነበር።

«ደስ ይላል» አለ ካሳው። «ይኸ ሁሉ ከመንገዱ አጠገብ ነበር ማለት ነው።»

«የቸኮለ ሰው አያየውም።»

«እኔ የት ልደርስ እንደምቸኩል አላውቅም። የሚጠብቀኝ ሰው የለም።» ካሳው ጠጠር አንስቶ ውኃው ውስጥ ጣለ። «ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ሞተች። ከዚያ በኋላ ቤቴ መኪናው ነው። ጠገብክ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቤት አንድ ብቻ ነው ያለኝ። እናንተ ዘንድ በልቼ ስወጣ እስከ መቀሌ ድረስ በልቤ እያመሰገንኩ ነው የምነዳው። ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም።»

«አሁን እወቂው።»

ወይንሸት እግሯን ውኃው ውስጥ እንዳደረገች ተራራውን ታይ ነበር። ስለ አለሙ ሳታስብ ግማሽ ቀን እንዳለፈ ያስተዋለችው ያኔ ነው። ልታዝን ፈለገች። ሐዘኑ ግን አልመጣም፤ የመጣው ለረጅም ጊዜ የረሳችው እፎይታ ነበር።

መኪናው ተጠግኖ ካሳው ከሄደ በኋላ ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር ቤቱ ውስጥ ገባ። ከመቀሌ የሚመጣ የአውቶቡስ ሾፌር ቅቅሉን እየጠጣ «ካሳው ሰላም ብሎሻል» ይላል። ወደ ደሴ የሚወርድ ሌላ ሾፌር ደግሞ የወይንሸትን ማንጎ በፌስታል ይዞለት ይሄዳል። ካሳው ራሱ ሲመጣ የጓዳው በር ላይ የሚቆምባት ጊዜ እየረዘመች መጣች።

እትዬ ዘነበች ሁሉንም ከወንበራቸው ሆነው ያዩ ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጡ ሳለ ተናገሩ። «ሾፌር በየከተማው ቤት አለው። ይኸን የምልሽ ለአንች ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ እማዬ» አለች ወይንሸት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አሮጊቷ ተለወጡ። የሚገባውን ሰው በቅጡ ሰላም አይሉም። ምሳ ሲቀርብላቸው ቆንጠር አድርገው ይተዉታል። ወይንሸት ከጓዳ ስትወጣ ዓይናቸው ይከተላታል፤ ስትዘገይ «ወይንሸት» ብለው ይጣራሉ፤ «አቤት» ስትላቸው የሚሉት የላቸውም። ወይንሸት የሚፈሩት ምን እንደሆነ ገባት። እሷ ከሄደች እኒህ ሴት ለማን ይቀራሉ?

ስለዚህ ካሳው በጥር አንድ ቀን ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወደ ጓዳው በር መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አግቢኝ ወይንሸት» ሲላት መልሱ በእጇ ነበር።

«አልችልም።»

«ጠልተሽኝ ነው?»

«እንዲያ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።» ድስቱን ከእሳቱ አወረደችው፤ መልሳም ጣደችው። «ማንም በሌለኝ ጊዜ እናት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን ከቀበሩ በኋላ እኔም ጥያቸው ልሂድ?»

«ጥለሻቸው ሂጂ አላልኩሽም። እኔ…»

«ተወኝ ካሳው። እባክህ። ሁለተኛ ይኸን አታንሳብኝ።»

እሱም አላነሳም። የሚለውን በልቡ ይዞ ወጣ። ከሄደ በኋላ ወይንሸት ሳህኑን ልታነሳ መጣች፤ ግማሹ እንዳለ ነበር። ካሳው በዚያ ቤት ምግብ አስተርፎ አያውቅም። ሳህኑን ይዛ ቆማ ቀረች፤ ከሳህኑ ይልቅ የከበዳት ግን ራሷ የተናገረችው ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ካሳው ቀረ። ሰላምታም አልላከ። አንድ ጠዋት የኤንትሬውን ድምፅ ሰምታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ደጅ ወጣች። መኪናው መጣ፤ በደጃቸው አለፈ፤ ፍሬን እንኳ ሳይነካ ወደ ዋጃ አቅጣጫ ሄደ። ሌላ ጊዜም እንዲሁ አለፈ። የአውቶቡስ ሾፌሮቹ ስትጠይቃቸው አቀርቅረው «ዋጃ ነው አሉ አሁን የሚያድረው፣ የሚበላውም እዚያው ነው» አሏት።

«አላልኩሽም ነበር?» አሉ እትዬ ዘነበች። ያሸነፈ ሰው ደስታ ግን ድምፃቸው ውስጥ አልነበረም። ወይንሸት ያን ዕለት ሥራዋን እንደወትሮዋ ሠራች። ሌላ ቤት ካገኘ እሰየው፣ ሰው ብቻውን መኖር የለበትም እያለች ራሷን ታጽናና ነበር። ማታ ግን ሳትበላ ታድር ነበር።

ፋሲካ አልፎ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ምሳ በልቶ የወጣው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ቤቱ ገቡ። አንደኛው የእትዬ ዘነበች ታላቅ ወንድም አቶ አያሌው ናቸው፤ ከዋጃ ነው የመጡት። ሁለተኛው አባ ሙሀመድሰይድ ናቸው። ሁለቱም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። ሲቲ ከኋላቸው ደጅ ላይ ቆማለች።

«ኑ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ እትዬ ዘነበች።

«አንቀመጥም» አሉ አባ ሙሀመድሰይድ። «ቃልሽን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

በራያ ምድር ጋቢውን ለብሶ መጥቶ አልቀመጥም የሚል ሰው ምን ፈልጎ እንደመጣ የማያውቅ የለም። የእትዬ ዘነበች ፊት ጠቆረ። ወይንሸት ማማሰያውን እንደያዘች ወደ ጓዳው በር ወጣች።

«ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?»

«ልጅሽን» አሉ አቶ አያሌው።

«እኔ ልጄን ቀብሬዋለሁ። የቀበራችሁልኝም እናንተው ናችሁ።»

«እሱን አይደለም። ሴቷን ልጅሽን ነው።»

«ወይንሸት የልጄ ሚስት ናት። ዘመዶቿ ላስታ ናቸው። እዚያ ሂዱ።»

አቶ አያሌው ወደ እህታቸው አንድ እርምጃ ቀረብ አሉ። «እኔም መጀመሪያ እንዲያው ነበር ያልኩት፤ ስሚኝ ዘነቡ። ያ ሾፌር፣ ካሳው፣ እኔን ብሎ ዋጃ መመላለስ ከጀመረ ሰንብቷል። የሚያድረውም የሚበላውም እኔ ቤት ነው። ‹ሽማግሌ ልልክበት የማስበውን ደጅ እንደ መንገደኛ ገብቼ አልበላበትም፤ ነውር ነው› ብሎ ነው እዚህ መቆም የተወ። አጎቷ ዘንድ ላክ ብለው ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አጎቷንም እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ግን እናቷን።›»

ወይንሸት የጓዳውን መቃን ያዘች።

«ይዣት እሄዳለሁም አላለም» አሉ አባ ሙሀመድሰይድ። «የሚኖረው እዚህ ነው። ረጅሙን መንገድ ትቶ፣ በትንሽ መኪና ከቆቦ ደሴ ሊሠራ ነው። ‹እማማ ዘነበች ከልጃቸው ከሚለዩ እኔ ከኤንትሬዬ ብለይ ይሻለኛል› አለን። እኔ ብዙ ደጅ ቆሜያለሁ ዘነበች። ወላሂ፣ እንዲህ ብሎ የላከኝ ሰው የለም።»

እትዬ ዘነበች ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዞሩ። «ነይ ወዲህ። ታውቂ ነበር?»

«መላኩን አላውቅም ነበር እማዬ።»

«አንችን ራስሽን ጠይቆሽ ያውቃል?»

«ጠይቆኛል። በጥር።»

«ምን አልሽው?»

«አልችልም አልኩት።»

«ለምን?»

ወይንሸት አንገቷን ደፋች።  «ውለታዎን በምን እከፍላለሁ ብዬ» አለች። «ስመጣ ምንም አላውቅም ነበር። እሳት ማንደድ እንኳ አልችልም ነበር። ይኸን ቤት፣ ይኸን ሥራ፣ ሰው በስሜ እንዲጠራኝ ያደረጉ እርስዎ ነዎት። እናት ምን እንደሆነ ያወቅኩት እዚህ ነው። ታዲያ እንዴት ብዬ ነው ለራሴ ደስታ ብዬ እርስዎን የማስከፋዎት?»

አሮጊቷ ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ወይንሸት ልትደግፋቸው እጇን ስትዘረጋ ያዙት፤ አልለቀቁትም።

«አሁን ደግሞ እኔ ልናገር» አሉ። «አለሙ የሞተ ጊዜ የአጎትሽ ሰዎች ሊወስዱሽ ሲመጡ ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ወጥቼ ‹ልጅ ነሽ፣ ሂጂ፣ ኑሮሽን ኑሪ› ልልሽ ይገባኝ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ። አንች ‹እማዬን ለማን ትቼ?› ስትይ ስሰማ እዚያው ተንበርክኬ መሬቱን ሳምኩ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የማመሰግነው ለዚያ ነው፤ ሌላ ጸሎት የለኝም። አንች ባትኖሪልኝ ኖሮ ከልጄ መቃብር አጠገብ ነበርኩ። አንች ደግሞ ጓዳ ውስጥ ሆነሽ ውለታ አለብኝ ትያለሽ?»

«እማዬ…»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ሰሞኑን ይኸ ሰውዬ ትቷት ሄደ ብዬ ሳስብ እፎይ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አንች ሳትበይ ስታድሪ እኔም እህል አልወርድ አለኝ። የራሴን ፍርሃት ላንች ብዬ ነው እያልኩ ነበር ስዞር የከረምኩት።» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ትወጅዋለሽ?»

ወይንሸት በሁለት ሽማግሌዎች ፊት፣ በባሏ እናት ፊት፣ ይኸን ጥያቄ እመልሳለሁ ብላ አስባ አታውቅም።

«እወደዋለሁ» አለች።

እትዬ ዘነበች ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ተቀመጡ» አሉ።

አባ ሙሀመድሰይድ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተቀመጡ። አቶ አያሌው ሳይቀመጡ እህታቸውን አቅፈው ሳሟቸው። ሲቲ ከደጅ እየሮጠች ገብታ የወይንሸት አንገት ላይ ተጠመጠመች። «ከአባቴ ጋር ምስጢር ይዤ እንደከረምኩ ብታውቂ» አለቻት በጆሮዋ። «ስታለቅሽ እያየሁ ዝም ማለት እንዴት እንደከበደኝ። ይቅር በይኝ።»

«የት ነው ያለው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ከከተማው ዳር፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል» አሉ አቶ አያሌው። «ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰም።»

«ሲቲ፣ ሂጂ ጥሪልኝ። የኔ ሰው በኔ አገር ጾሙን አይውልም።»

ወይንሸት ወደ ጓዳ ተመለሰች። ለማታ የጣደችውን አዲስ ቅቅል እየተቻኮለች አወጣች፤ ቃሪያ ቆረጠች፤ ለአባ ሙሀመድሰይድ በሌላ ሳህን እንጀራና ማር፣ በብርጭቆ እርጎ አዘጋጀች። የካሳውን እርምጃ ደጅ ላይ ስትሰማ ልትወጣ ፈለገች፤ ግን አፈረች። በመጋረጃው በኩል አየችው። ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ገብቶ የእትዬ ዘነበች ጉልበት ላይ ወደቀ። አሮጊቷ ራሱን ዳበሱት። ምን እንዳሉት ወይንሸት አልሰማችም፤ ካሳው ግን ሲነሳ ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር።

ምግቡን ይዛ ወጣች። ትሪውን አስቀምጣ እንደ ልማዷ ወደ ኋላዋ ልትመለስ ስትል እትዬ ዘነበች ቀሚሷን ያዝ አደረጓት።

«ወዴት ነው?»

«ወጥ ልጨምር።»

«ወጡ ይደርሳል። ተቀመጪ።»

ከአሮጊቷ ቀኝ፣ ከካሳው ፊት ለፊት አስቀመጧት። በዚያ ቤት ያን ሁሉ ዓመት አገር ስታበላ ኖራ እሷ ከእንግዳ ጋር ማዕድ ቀርባ አታውቅም። የምትበላው ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ጓዳ ውስጥ፣ ቆማ ነበር። አሁን ኒሙ ከደጅ ጥላውን ይጥላል፤ መንገዱ ላይ መኪኖች ያልፋሉ፤ አቶ አያሌው ስለ ሠርጉ ቀን ከአባ ሙሀመድሰይድ ጋር መከራከር ጀምረዋል። ካሳው አንድ ጊዜ ጎረሰ፤ ቀና ብሎ አያት፤ ደገመ።

ወይንሸትም ጎረሰች። ያኔ ነው ቅቅሉ ውስጥ ጨው እንዳልጨመረች ያወቀችው። ዙሪያውን አየች። ሁሉም ይበላሉ፤ እትዬ ዘነበች ጭምር አጥንቱን ይዘው እየጋጡ ነው፤ ጨው የሚል አንድም ሰው የለም። ልቧ ሞልቶ መፍሰሻ አጣ። አንገቷን ደፍታ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ ተመስገን አለች፤ ለአለሙ ነፍስ፣ ለእኒህ ሴት፣ ለዚህ ሰው፣ ለራያ ምድር። ከዚያ እንጀራዋን ቆርሳ መብላቷን ቀጠለች።